በቀን አራት ፔንስ፦ የእርሳስ አጣቢ ልጆች እንጉርጉሮ

«በቀን አራት ፔንስ» በሰሜን እንግሊዝ፣ በፔናይን ተራሮች ከነበረው የእርሳስ ማዕድን ሥራ የተወለደ የሕዝብ ዘፈን ነው። በዘፈኑ ውስጥ የሚናገረው ቆፋሪው ሳይሆን፣ ቆፋሪው ያወጣውን ድንጋይ በቀዝቃዛ ውሃ የሚያጥበው ልጅ ነው። ልጁ ጎህ ሳይቀድ ተቀስቅሶ የሳምንት ስንቁን ተሸክሞ ሽቅብ ይወጣል። አባቱ ትምህርት ቤት ሊያስገባው ተመኝቶ ገንዘብ አጥቷል፤ እናቱ ከልቅሶ ጋር ትሸኘዋለች፤ አለቃው ደግሞ ፊቱን ፈትቶ አያውቅም። አዝማቹ በተመለሰ ቁጥር የቀን ደመወዙ ይጠራል።

የማዕድን ሠራተኞች ዘፈኖች አብዛኛውን ጊዜ ስለ ፍንዳታ፣ ስለ ናዳ ወይም ስለ አድማ ያወራሉ። በዚህኛው ማንም አይሞትም። ጉዳዩ ሂሳብ ነው። በጊዜው በነበረው የእንግሊዝ ገንዘብ አንድ ሺሊንግ 12 ፔንስ፣ አንድ ፓውንድ ደግሞ 20 ሺሊንግ ነበር። ስድስት ቀን የሠራ ልጅ 24 ፔንስ፣ ማለትም 2 ሺሊንግ ይዞ ይገባል። ዘፈኑ ሲያልቅም ልጁ ነፃነት ወይም ፍትሕ ሲጠይቅ አይሰማም፤ አለቃው ልቡ ራርቶ ደመወዙን ዘጠኝ ፔንስ እንዲያደርስለት ተስፋ ያደርጋል። የዘፈኑ ምሬት የሚሰማው ተስፋው ይህን ያህል ትንሽ በመሆኑ ነው።

ከብዶ የሚሰምጥ ድንጋይ

ፔናይን ሰሜናዊ እንግሊዝን ከላይ ወደ ታች ለሁለት የሚከፍል የተራራ ሰንሰለት ነው። በሰሜን ጫፉ ያሉት የቲዝዴል፣ የዊርዴልና የአለንዴል ሸለቆዎች፣ እንዲሁም የኔንትሄድ አካባቢ፣ ነፋስ የማያጣቸው፣ ዛፍ የማይበዛባቸው፣ ለእርሻ የማይመቹ ደጋዎች ናቸው። በግ ይሰማራባቸዋል። ሀብታቸው የነበረው ግን ከሥር ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ከ290 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት ማዕድን የሟሟበት ትኩስ ጨዋማ ውሃ በኖራ ድንጋይና በአሸዋ ድንጋይ ንብርብሮች ስንጥቅ ውስጥ ገባ። ውሃው ሲቀዘቅዝ ጋሌና የሚባለው የእርሳስ ማዕድን፣ ከእሱም ጋር ፍሎራይትና የዚንክ ማዕድን በስንጥቁ ውስጥ ጋግረው ቀሩ። የጂኦሎጂ ባለሙያዎች ለዚያ ሙቀት ምንጭ የሚሆን ግራናይት ከተራራው ሥር ተቀብሮ መኖር አለበት ብለው ይገምቱ ነበር፤ በ1960 እና 61 ሩክሆፕ በምትባል መንደር ጥልቅ ቁፋሮ ተደርጎ ግራናይቱ በእርግጥ ተገኘ።

ጋሌና ሲሰበር ገጹ ብርማ ሆኖ ያብረቀርቃል። ከክብደቱ 86 ከመቶ በላይ ንጹህ እርሳስ ነው፤ ጥቂት ብርም አይታጣበትም። በ1833 የኦልስተን ከተማ ተወላጅ የሆነው ሂዩ ሊ ፓቲንሰን ከእርሳስ ውስጥ ብር ለይቶ የሚያወጣ አዲስ ዘዴ አስመዝግቦ፣ ቀድሞ የማያዋጣውን ጥቂት ብር እንኳ ገንዘብ አድርጎታል። ለልጆቹ ሥራ ዋናው ነገር ግን የጋሌና ክብደት ነው። ጋሌና ከውሃ ሰባት ጊዜ ተኩል ይከብዳል፤ አብሮት የሚወጣው ተራ ድንጋይ ግን ከውሃ ሦስት ጊዜ እንኳ አይሞላም። ሁለቱን የሚለየው ውሃ ነው፤ ውሃውን የሚያንቀሳቅሰው ደግሞ የልጅ ክንድ ነበር።

እርሳስ በ18ኛውና በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዛሬ ከሚታሰበው በላይ ይፈለግ ነበር። የቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ይሸፈንበታል፣ የውሃ ቧንቧ ይሠራበታል፣ ለነጭ ቀለም ይፈጫል፣ አረር ሆኖ ይቀልጣል። እሱን ለማግኘት ተራራው ራሱ ታርሷል ማለት ይቻላል። ቀደምቶቹ ቆፋሪዎች ከኮረብታው አናት ላይ ውሃ በአፈር ግድብ ያቁሩና ግድቡን በአንዴ ይንዱታል፤ ጎርፉ አፈሩን ጠርጎ የማዕድኑን ሥር ያጋልጣል። በዚህ መንገድ የተሸነቆሩ ሰው ሠራሽ ሸለቆዎች ዛሬም ይታያሉ። ከሚድልተን ኢን ቲዝዴል ከተማ በላይ ያለው የኮልድቤሪ ሸለቆ ተራራውን የሰነጠቀ ስለሚመስል፣ ታሪኩን የማያውቅ መንገደኛ የተፈጥሮ ሥራ ነው ብሎ ያልፈዋል። ከጎርፉ ቀጥሎ የመጣው ዘዴ ወደ ተራራው ጎን አግድም የሚገባ፣ ፈረስ ጋሪ የሚጎትትበት ዋሻ ነው።

የማጠቢያው ሜዳ

ከዋሻው በሐዲድ የወጣው ድንጋይ በአንድነት አይከመርም። ቆፋሪዎቹ ከአራት እስከ ስድስት ሆነው ተቧድነው ስለሚሠሩ፣ ለእያንዳንዱ ቡድን በድንጋይ የታጠረ የራሱ ማከማቻ አለው። ምክንያቱ የክፍያው ስምምነት ነው። ቡድኑ ከኩባንያው ወኪል ጋር በየሦስት ወሩ ይዋዋላል፤ የሚከፈለውም ታጥቦ በጠራው ማዕድን ልክ ነው። የአንዱ ድንጋይ ከሌላው ቢቀላቀል የቤተሰብ እንጀራ ተቀላቀለ ማለት ነው።

ልጆቹ የሚገቡት እዚህ ላይ ነው። መጀመሪያ በእጃቸው ይለቅማሉ፤ ንጹሁ ለብቻው፣ ባዶው ድንጋይ ወደ ጥራጊው፣ የተደባለቀው ወደ መዶሻው። አፉ ጠፍጣፋ በሆነ ከባድ መዶሻ ደቁሰው ያደቁታል። ኋላ ላይ ይህን ሥራ በውሃ መንኮራኩር የሚዞሩ የብረት መፍጫዎች ተረከቡ። የደቀቀው ድንጋይ ውሃ በሞላ ገንዳ ውስጥ በተንጠለጠለ ትልቅ ወንፊት ላይ ይጨመራል። ወንፊቱ ከረጅም ዘንግ ጋር የታሰረ ነው፤ ልጁ ዘንጉ ላይ ተንጠልጥሎ ሲያርገበግበው ወንፊቱ ውሃው ውስጥ ብቅ ጥልቅ ይላል። በሰፌድ ላይ እብቁ ከፍሬው እንደሚለይ፣ ቀላሉ ድንጋይ ከላይ ይሰፍፋል፣ ጋሌናው ከታች ይረጋል። የላዩ ይገፈፋል፤ የታቹ ይቀራል፤ እንደገና ይጨመራል። ከወንፊቱ ያለፈው ደቃቅ ጭቃ እንኳ አይጣልም። ዘቅዘቅ ባለ መደብ ላይ ውሃ እየፈሰሰበት በመጥረጊያና በመሰቅሰቂያ ይታመሳል፤ ከዚያም የቀረ እርሳስ ይለቀማል።

> ቆፋሪው ጨለማ ውስጥ ይሠራል፤ ልጁ ውሃ ውስጥ።

ሥራው ለረጅም ዘመን በሜዳ ላይ፣ ያለ ጣሪያ የሚሠራ ነበር። የሥራ ቀኑ 12 ሰዓታት ያህል ይዘልቃል። ውሃው ከተራራ ስለሚወርድ በበጋም አይሞቅም። ሲበርድ ደግሞ ይረጋል፤ ስለዚህ ማጠቢያው በክረምቱ ወራት ይዘጋል፣ ልጆቹም ያለ ደመወዝ ቤት ይውላሉ፤ ከእነሱ ብዙዎቹ ትምህርት ቤት የሚገቡት በዚሁ ጊዜ ነበር። ይህን የሚያውቅ አድማጭ በዘፈኑ ውስጥ የሚጠቀሰውን በረዶ በሌላ ጆሮ ይሰማዋል። በረዶ በተራራው ላይ እያለ ማዕድኑ የሚታጠብ ከሆነ ወቅቱ ገና መከፈቱ ወይም ሊዘጋ ማለቁ ነው፤ ከዓመቱ የሥራ ቀናት እጅግ የከፉት እነዚያ ናቸው። ዘፈኑን ያወጣው ሰው ሜዳውን በዓይኑ እንዳየው ከሚያስረዱ ነገሮች አንዱ ይህ ነው።

ደመወዙም ከመዛግብት ጋር ይስማማል። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አካባቢ ለታናናሾቹ አጣቢዎች የሚከፈለው አራት ፔንስ ያህል ነበር፤ ልጁ ዕድሜው በጨመረ ቁጥር ክፍያው ከፍ ይላል። ከፋዩ ብዙ ጊዜ ኩባንያው ራሱ ሳይሆን የማጠብ ሥራውን በኮንትራት የያዘ የአጣቢዎች አለቃ ነው። አለቃው የሚከፈለው በጠራው ማዕድን መጠን ስለሆነ፣ ለልጆቹ የሚሰጠው እያንዳንዱ ፔንስ ከራሱ ኪስ የሚወጣ ነበር። በዘፈኑ ውስጥ ያለው ፊተ ጨፍጋጋ ሰው አለምክንያት አልተጨፈገገም።

በዊርዴል አናት ያለው ኪልሆፕ ይህ ሥራ በግልጽ ከሚታይባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። በ1870ዎቹ የተተከለው የብረት የውሃ መንኮራኩር ከጫፍ እስከ ጫፍ 10 ሜትር ያህል ነው። ማዕድኑ በ1910 ተዘጋ፤ መንኮራኩሩ ለዓመታት ሲዝግ ቆይቶ ቦታው በ1980ዎቹ ሙዚየም ሆነ። በኪልሆፕ ጎብኚዎች እጃቸውን ውሃ ውስጥ እየነከሩ ጋሌና እንዲለዩ ይደረግ ነበር። ለአሥር ደቂቃ ደስ የሚል ጨዋታ ነበር፤ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ምን እንደሚመስል ለጎብኚው ግምት ይተው ነበር።

ስንቅ ለሳምንት

የእናትየው ስንቅ የሳምንት የሆነው ልጁ ማታ ስለማይመለስ ነው። ማዕድኖቹ ከመንደር የራቁ፣ መንገዱም ዳገት ስለነበር፣ ቆፋሪዎችና አጣቢዎች ሰኞ ወጥተው ቅዳሜ ይወርዳሉ። በመሐሉ የሚያድሩት ከዋሻው አጠገብ በተሠራ የድንጋይ ቤት ነው። ምድር ቤቱ ማብሰያና መቀመጫ፣ ፎቁ መኝታ ነው።

በ1842 ለእንግሊዝ ፓርላማ የቀረበው የሕፃናት ሥራ አጣሪ ኮሚሽን ዘገባ እነዚህን ቤቶች ሳያለዝብ ገልጿቸዋል። በአንድ አልጋ ሦስትና አራት ሰው ይተኛል፤ ልብስ ማድረቂያ የለም፤ ዳቦውና ሥጋው በየከረጢቱ ከጣሪያ ይንጠለጠላል። ብዙዎቹ ሠራተኞች ከቤቱ ይልቅ ዋሻው ይሻላል ይሉ ነበር። የተኛው ልጅ አጠገቡ ካለው ቆፋሪ የሚሰማው ሳልም የአጋጣሚ ጉንፋን አልነበረም። በአሸዋ ድንጋይ ውስጥ የሚቆፍር ሰው የሚተነፍሰው ደቃቅ አቧራ ሳንባውን ያደርቀዋል። በ1864 የወጣው የኪናርድ ኮሚሽን ዘገባ የብረታ ብረት ማዕድን ሠራተኞች ከሌላው ሰው ቀድመው እንደሚሞቱ አሳይቷል፤ በእርሳስ ሸለቆዎች ብዙ ቆፋሪዎች አምሳ ዓመት አይሞላቸውም ነበር። አጣቢው ልጅ ሲጎረምስ የሚቀጥለው የሥራ እርከን ይኸው ነው፤ ከውሃው ወጥቶ ወደ አቧራው መግባት።

ደግ ኩባንያ፣ መራራ ዘፈን

ዘፈኑ የተገኘበት የሚድልተን ከተማ ታሪክ ግን ለጨካኝ አሠሪ ምሳሌ የሚጠቀስ ዓይነት አይደለም። ከተማዋ በ1692 የንጉሥ ፈቃድ ያገኘው የለንደን እርሳስ ኩባንያ የሰሜን ዋና መሥሪያ ቤት ነበረች። ኩባንያው ኩዌከር በሚባሉት ክርስቲያኖች እጅ ሲመራ የኖረ ነው። ለሠራተኞቹ አትክልት ቦታ ያላቸው ቤቶች ሠርቷል፣ በረሃብ ዘመን እህል በቅናሽ አቅርቧል፣ ሐኪም ቀጥሯል፣ ትምህርት ቤት ከፍቶ የሠራተኞቹ ልጆች እንዲማሩ አስገድዷል። በኔንትሄድ በ1833 የተከፈተው የንባብ ክፍል በእንግሊዝ ከመጀመሪያዎቹ ነፃ ቤተ መጻሕፍት አንዱ ነው ይባላል። በሚድልተን አደባባይ አካባቢ በ1877 የተተከለው የብረት ፏፏቴ ዛሬም የኩባንያውን የበላይ ሥራ አስኪያጅ ስም ይዞ ቆሟል።

ታዲያ አባቱ የትምህርት ቤት ገንዘብ ያጣው ልጅ ከየት መጣ? የአካባቢው ታሪክ አጥኚዎች የሚሰጡት መልስ ብዙ ነው። ሁሉም ማዕድን የዚህ ኩባንያ አልነበረም፤ በዊርዴልና በአለንዴል የቦሞንት ቤተሰብ፣ በየጓሮው ደግሞ ትንንሽ ባለሀብቶች ነበሩ። ዘመኑም ይለያያል፤ የ1790ዎቹ ማጠቢያ የ1850ዎቹ ማጠቢያ አይደለም። የቆፋሪዎቹ አከፋፈልም ራሱ የዕዳ ምንጭ ነበር። ሂሳቡ የሚዘጋው በዓመት አንድ ጊዜ ሲሆን፣ በመሐሉ ቤተሰቡ የሚኖረው በየወሩ በሚሰጥ ብድር ነው። የማዕድኑ ሥር ቀጭኖ ከተገኘ ዓመት ሙሉ ለፍቶ ባለዕዳ ሆኖ መገኘት ነበር።

> መዝገቡ የተሰጠውን ይቆጥራል፤ ዘፈኑ ያልደረሰውን።

እነዚህ መልሶች ትክክል ናቸው፤ ነገር ግን ዘፈኑን የፍርድ ቤት ምስክር አድርገው ይመረምሩታል። የደግ አሠሪ ደግነትም ቢሆን ከታች ሲታይ ቁጥጥር ሊሆን ይችላል። በ1849 በአለንዴል ባለችው አለንሄድስ መንደር የቦሞንት ሠራተኞች የሥራ ሰዓታቸው እንዲመዘገብና ጠባቂ እንዲደረግባቸው መታዘዙን ተቃውመው ለወራት ሥራ አቆሙ። ተሸነፉ፤ መሪዎቹ ተባረሩ፤ ከእነሱም ብዙዎች ወደ አሜሪካ ተሰደዱ። የጠቡ መነሻ ከደመወዝ ይልቅ ክብር ነበር።

ዘፈኑ የልጆቹን ሥራ ባርነት ብሎ መጥራቱም ከዘመኑ ክርክር የመጣ ነው። በ1830 ሪቻርድ ኦስትለር የተባለው የለውጥ ታጋይ ለአንድ ጋዜጣ በጻፈው ደብዳቤ፣ በካሪቢያን ደሴቶች ያለውን ባርነት የሚያወግዙ እንግሊዛውያን በገዛ ደጃቸው በዮርክሻየር ፋብሪካዎች የሚሠሩትን ሕፃናት እንዲመለከቱ ጠየቀ። ከዚያ ወዲህ ንጽጽሩ በየስብሰባውና በየግጥሙ ይሰማ ጀመር። ሕጉ ግን በዝግታ ተራመደ። በ1842 የወጣው ሕግ ከአሥር ዓመት በታች ያሉ ልጆችን ከከርሰ ምድር ያስወጣው ከድንጋይ ከሰል ማዕድን ነው፤ ለእርሳስና ለመሳሰሉት ብረታ ብረቶች ማዕድን ተመሳሳይ ሕግ እስኪመጣ 1872 ደረሰ።

ሥራው ካለቀ በኋላ የተጻፈ ዘፈን

ከ1870ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ከስፔን፣ ከአሜሪካና ኋላም ከአውስትራሊያ የመጣ ርካሽ እርሳስ ገበያውን ሞላው። የፔናይን ማዕድኖች ተራ በተራ ተዘጉ። የለንደን እርሳስ ኩባንያ በ1905 ሥራውን ጨርሶ ለቀቀ። ሰዎቹ ወደ ደርሃም የድንጋይ ከሰል ማዕድኖች፣ ወደ ላንካሻየር ፋብሪካዎችና ባሕር ማዶ ተበተኑ። በተራራው የቀሩት ሽማግሌዎች ግን ከሥራው ጋር ዘፈኖቹንም ያስታውሱ ነበር። እነዚህ ሸለቆዎች ዘፋኝ አያጡም፤ የሜቶዲስት ጸሎት ቤቶች መዝሙር በየመንደሩ ጉሮሮ የተሳለባቸው ናቸው።

«በቀን አራት ፔንስ» ለሰፊው ሕዝብ የደረሰው ጆን ጋውላንድ ከተባለ የሚድልተን ጡረተኛ የእርሳስ ሠራተኛ አፍ ነው። ጋውላንድ ዘፈኑን የደረሰው ቶማስ ሬይን የተባለ የቲዝዴል ቆፋሪና ገጣሚ ነው ብሎ ተናግሯል። ግጥሙና ዜማው በ1954 የሠራተኞች የሙዚቃ ማኅበር ባሳተመው የሥራ ዘፈኖች መድበል ውስጥ ወጣ። አዘጋጁ ኢዋን ማኮል ነበር፤ በሳልፎርድ የተወለደ ተዋናይ፣ ጸሐፌ ተውኔትና ኮሙኒስት። ዛሬ ስሙ ከሁሉ በላይ የሚታወሰው አሜሪካዊቷ ዘፋኝ ሮበርታ ፍላክ በ1970ዎቹ ዓለም ያወቀላትን የፍቅር ዘፈን በመድረሱ ነው።

ከዚህችው ትንሽ ከተማ የወጣው ሌላው ዘፈን ግን ከዚህ እጅግ ርቆ ሄዷል። በ1947 ማኮል ከማርክ አንደርሰን፣ እሱም ጡረታ ከወጣ የሚድልተን የእርሳስ ሠራተኛ፣ የ«ስካርቦሮ ፌር»ን ዜማ ቀዳ። ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ፣ ከዘፋኝ ወደ ዘፋኝ አልፎ ከለንደኑ ጊታር ተጫዋች ማርቲን ካርቲ ዘንድ ደረሰ፤ ከእሱ አሜሪካዊው ዘፋኝ ፖል ሳይመን ተማረው፤ በ1966 ሳይመንና ጋርፈንክል በሸክላ አወጡት። ያን ለስላሳ የፍቅር ዜማ ከየሬዲዮው የሰሙ ሚሊዮኖች፣ ዕድሜውን እርሳስ ሲቆፍር ካሳለፈ ሰው አፍ እንደመጣ አያውቁም።

ሁለቱ ዘፈኖች ጎን ለጎን ሲቀመጡ አንድ የቆየ ክርክር ይነሳል። አንዳንድ የሕዝብ ዘፈን አጥኚዎች፣ በ1950ዎቹ ዘፈን የሰበሰቡ ሰዎች የፖለቲካ እምነታቸውን የሚደግፈውን አጉልተው ሌላውን ችላ ብለዋል ይላሉ። ቆፋሪዎቹ ከብሶት ይልቅ መዝሙር፣ የአደን ዘፈንና የፍቅር ዘፈን አብዝተው ይዘፍኑ ነበር፤ ማኮልም የሰበሰበውን በራሱ ብዕር የመነካካት ልማድ ነበረው። ዘፋኞቹ በበኩላቸው ይህ አያስጨንቃቸውም፤ አፍ የሚሞላ አዝማች ያለው፣ ሕዝብ ወዲያው የሚቀበለው ዘፈን ማን ነካው ተብሎ አይመረመርም ባዮች ናቸው። ከሁለቱ ወገን አጥኚዎቹ የተሻለ ነጥብ ይዘዋል። «በቀን አራት ፔንስ» የልጅ ድምፅ አለው እንጂ የልጅ ሥራ አይደለም። የአባትን ሐፍረትና የእናትን ልቅሶ በዚያ መልክ ማሰናዳት፣ ልጅነቱን ከሩቅ የሚያይ አዋቂ ሰው ሥራ ነው። ሬይን ይሁን ሌላ፣ ያ ሰው ከውሃው ወጥቶ ብዙ ዘመን የቆየ መሆን አለበት።

ዛሬ የሚዘፈንበት

በተራሮቹ ላይ የቀረው ጥራጊ ክምር አሁንም መርዛማ ነው። እርሳስና ዚንክ በሞላበት አፈር ላይ ተራ ሣር አይበቅልም፤ ይልቁንም መርዙን የሚችሉ ትንንሽ ነጭ አበባ ያላቸው ዕፅዋትና ቢጫ የተራራ ፓንዚ ያብባሉ። የዕፅዋት ባለሙያዎች ዛሬ እነዚህን ክምሮች እንደ ብርቅ ቦታ ይንከባከቧቸዋል። አካባቢው በዩኔስኮ የጂኦፓርክ መዝገብ ውስጥ ገብቷል።

ዘፈኑ በሰሜን እንግሊዝ የሕዝብ ዘፈን ክበቦች አልቀረም። ያለ መሣሪያ፣ በጋራ ድምፅ የሚያዜሙት አሉ፤ በአኮርዲዮን አፍጥነው ጭፈራ የሚያስመስሉትም አሉ፤ ያን ጊዜ ግጥሙን ያልሰማ ሰው የደስታ ዘፈን ይመስለዋል። በብዙ አልበሞች ላይ ደራሲው «ሕዝብ» ተብሎ ይጻፋል፤ የሬይን ስም የሚነሳው ማስታወሻ በሚያነቡ ሰዎች ዘንድ ነው። አስተማሪዎች ደግሞ በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን ስለነበረው የሕፃናት ሥራ ሲያስተምሩ ይጠቀሙበታል። የሚቸገሩት ደመወዙ ላይ ሲደርሱ ነው። እንግሊዝ በየካቲት 1971 የድሮውን የገንዘብ አከፋፈል ትታ ፓውንዱን ለ100 ፔንስ ስለከፈለች፣ የዘፈኑ አራት ፔንስ በአዲሱ ገንዘብ ሁለት ፔንስ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ተማሪዎቹ ከመዝፈናቸው በፊት ሺሊንግ ምን እንደነበር ይማራሉ፤ የሳምንቱን ደመወዝ ራሳቸው ያባዛሉ፤ ከዚያ አዝማቹን ይቀበላሉ።